ዝቅ ብሎ የተቃኘው ጊታር

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት መግቢያ

ወንድምዓለም፤

እንዴት ሰነበትህልኝ? ጤናህስ? ጤናህን የምጠይቅህ የደብዳቤ ወግ እንዲሞላልኝ ብዬ አይደለም፤ መልስ እንድትሰጠኝ ነው። ስለዚህ አንብበህ እንዳታልፈው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እምዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። የማንኩሳውን ማሳ እኩል አራሹ አንድ ዙር ገልብጦታል፤ ዝናቡም ዘንድሮ ቸኩሏል። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ አንተን የሚያውቅ ሁሉ ሰላም በልልን ብሏል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አታነሳም። ስታነሳም ሥራ ላይ ነኝ ብለህ ትዘጋለህ። ድሮ በሆነ ባልሆነው ቴሌግራም ላይ ስትሞነጫጭርልኝ የምትውል ሰውዬ ካለፈው ክረምት ወዲህ አንዲት መስመር ጽፈህልኝ አታውቅም። ድምፅህን ቀርጸህ ትልካለህ፣ እሱም አጭር። ይሄን ሁሉ ልብ ብዬዋለሁ። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ እምዬ ይሄ ልጅ ሰው ሲስቅለት እንኳ ምን ፈልጎ ነው ይላል የምትለኝ እውነቷን ነው። ደብዳቤ ግን መሀል ላይ ሥራ ላይ ነኝ ብለህ አትዘጋውም። ስለዚህ ነገሬን ከሥሩ ልጀምርልህ።

ጊታርህን ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሀኪም አመጣልኝ። ያው ጎረቤታችን ዕቃ ሊያወርድ ባሕር ዳር ይመላለስ የለ፣ በዚያው አደራ ብለኸው ኖሯል። ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እኛ ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ቡሬ ሰርግ ተቀብለን ጥድፊያ ላይ ነን። ወንድምህ እንዲህ በለው ብሎኛል አለኝ፦ እኔ አዲስ ገዝቻለሁ፣ ይሄን አንተ ሥራበት፣ ዝቅ ሲል ያምራል። በቃ፣ መልእክትህ ይኸው ነው።

መቼም ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። እዚያ ጊታር አጠገብ ስደርስ እጅህን ታጠብ ትለኝ የነበርህ ሰው፣ እኔ ስነካው ዓይንህ ከጣቴ የማይነሳ ሰው፣ ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ሥራበት የምትለኝ? አዲሱን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ ብዬ መልእክት ላክሁልህ፤ አልላክህም። ይሄንንም ያዝሁት።

ደግሞ ቦርሳው። ዚፑ ተበላሽቶ በሲባጎ ታስሯል። አንተ ስታስር ቢላዋ ካልመጣ የማይፈታ ቋጠሮ ነው የምታስረው። ይሄ ግን ቋጠሮ የለውም፤ ሲባጎው ዙሪያውን ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ጫፉ ከሥር ተወሽቋል። ይሄ ቦርሳ መንገድ ላይ ተከፍቷል አልሁ በልቤ። አብዱልሀኪምን አየት አድርጌ አመስግኜ ሸኘሁት። ዱርቤቴ ላይ ለምሳ ወርደን ነበር ማለቱንም አልረሳሁትም።

ሰርጉ የአቶ ቢሆነኝ ልጅ ሰርግ ነበር። አንተ ከሄድህ ወዲህ ባንዳችን ሦስት ሰው ነው፤ ምሕረት ትዘፍናለች፣ አሸናፊ ኪቦርዱ ላይ ከበሮውንም ቤዙንም ያስኬዳል፣ እኔ ጊታር። አሸናፊ በዚህ ዘመን ጊታር ምን ይሠራል፣ ኪቦርዱ ውስጥ አለ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። እኔም ቦታዬን እንዳልለቅ ያንተን ጊታር ይዤ ነው የሄድሁ። ያንተ ጊታር ሲጮህ ሰው ዞሮ እንደሚያይ አውቃለሁ።

ዳሱ ውስጥ አሸናፊ የመቃኛ ድምፅ ሲሰጠኝ ስድስቱም ክር መሆን ካለበት አንድ ሙሉ ድምፅ ወርዶ አገኘሁት። ስድስቱም እኩል። አባባ ክራሩን ይዞ መንገድ ሲወጣ ክሩን አላልቶ፣ ሰርጉ ቤት ሲደርስ አጥብቆ ይቃኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? መንገድ ክር ይበጥሳል ይለን ነበር። እኔም ወንድሜ ባህሉን አልረሳም፣ ለመንገድ ብሎ አላልቶልኛል ብዬ ልቤ ሞቅ አለ። ዝቅ ሲል ያምራል ማለትህን ረስቼው ሳይሆን፣ ትርጉሙ ይሄ መስሎኝ ነው። ወደ ቦታው ላመጣው ማጥበቅ ጀመርሁ።

ወንድሜ፣ ያንን ሰዓት ጠላቴም አይየው። የላይኛውን ክር ወደ ልኩ፣ ወደ ኢ ድምፅ ሳመጣው የታችኞቹ ይወርዳሉ። የታችኞቹን ሳነሣ የላይኛው ይወርዳል። ስዞር ስዞር ክሮቹ የታሰሩበት ብሪጅ ከጊታሩ ደረት እየተነሣ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት ቆመ። ክሮቹ ከጣቴ ራቁ፣ አንገቱም ወደ ፊት ጎበጠ መሰለኝ። ምሕረት ምን ሆነሃል በሚል ዓይን ታየኛለች። አሸናፊ ፈገግ ይላል። ከመኪናው ጊታሩን ያወረደው እሱ ነበርና አሁን ደግሞ እሱን ጠረጠርሁት።

ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ጀመርን። የሙሽራዋን መግቢያ ዜማ ይዤ የመጀመሪያዋን ከፍ ያለች ድምፅ ስነካ ቀጭኗ ክር ብጥስ ብላ ጉንጬን ላጠችኝ። የቀሩት ሁሉ ቅኝታቸውን ለቅቀው ሌላ አገር ገቡ። ከሙሽራዋ ወገን አንዲት ትልቅ ሴት ፊታቸውን አጥቁረው ሙሽራ እግሯን ስታስገባ ክር ይበጠሳል እንዴ፣ ገደ ቢስ ናችሁ አሉ። አቶ ቢሆነኝ መጥተው እኔን አላናገሩኝም፤ አሸናፊን ነው ያንን ዕቃ አስቀምጡልኝ ያሉት። አሸናፊም ቀሪውን በኪቦርዱ ጨረሰው። እኔ ሰርጉ እስኪያበቃ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ሽቦ ስጠቀልል ዋልሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ማፈሬን ደግሞ ባንተ ነው ያሳበብሁ።

ቤት እንደገባሁ ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደምሁና መመርመር ጀመርሁ። የተበጠሰችውን ክር ከኔ መጠባበቂያ ዘጠኝ ቁጥር አጠገብ ሳስቀምጣት ከሷ ቀጥና ተገኘች። ስምንት ቁጥር ናት። ስምንት! አንተ እኮ ዘጠኝ ቁጥር አስሬ ስታገኘኝ ይሄ የስፌት ክር ነው ብለህ የሳቅህብኝ ሰው ነህ። ከአስር በታች ክር አስረህ አታውቅም። ወፍራም ክር ጣትን ይጠይቃል፣ ግን የሰጠኸውን አይረሳም ትለኝ ነበር። እንግዲህ ይሄ ጊታር ያንተ ነው፣ ክሩ ግን ያንተ አይደለም።

በነጋው አብዱልሀኪም ሱቅ ሄድሁ። ክብሩን ሳልነካ ላውጣጣው ብዬ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ዕቃው ከእጅህ ወጥቶ ነበር ወይ እያልሁ ዙሪያ ጥምጥም ሄድሁ። ሞኝ አይደለም፣ ገባው። ወላሂ እንደሰጠኝ ነው ያመጣሁት፣ ሲባጎውም እንዲሁ ነበር፣ እንዲያውም እንዳይፈታ ብዬ እቅፌ ላይ ነው የመጣው አለኝ። ተቀየመ። ከዚያ ንዴቱ ሲበርድ የራሱን ቅያሜ አመጣ፤ ባንተ ላይ የያዘውን። ወንድምህ ባሕር ዳር ከገባ ወዲህ ኮርቷል አለኝ። መናኸሪያ ሲያገኝህ እጁን ቢዘረጋልህ እጅህን ከጃኬትህ ኪስ ሳታወጣ በትከሻህ ነካ አድርገኸው አለፍህ። ጊታሩንም አንተ አልተሸከምኸውም፤ ባጃጁን የሚነዳው ሰውዬ ነው አውርዶ የሰጠው። እኔ ይሄን ስሰማ አብዱልሀኪምን ይቅርታ ጠይቄው ጥርጣሬዬን ሁሉ ጠቅልዬ ወዳንተ አዞርሁት። ደግሞ መኩራት ጀመረ አልሁ።

ከዚያ የጀርባውን ሽፋን ፈታሁት። ብሪጁን ከኋላ ከሚስቡት ሦስት ሞላዎች አንደኛው ወጥቷል። ይሄ በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም። አንተው ነህ ያስተማርኸኝ፤ ቀጭን ክር አስረህ ቅኝቱን ዝቅ ስታደርግ የሚስበው ጉልበት ይቀንሳል፤ ሞላው እንደድሮው ከቀረ ብሪጁን ወደ ኋላ ጎትቶ ያስተኛዋል፤ ስለዚህ አንድ ሞላ ታወጣለህ፤ ከአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ትንሽ ታላላለህ፤ ከዚያ ክሮቹን ዝቅ ታደርጋለህ። ሁሉም እንዲያ ተደርጎ አገኘሁት። ክሮቹ አንገቱ ላይ ያሉትን የፍሬት ብረቶች ሊነኩ ምንም አልቀራቸው፤ ከዚህ በላይ ቢወርዱ ይነዝራሉ፣ ትንሽ ከፍ ቢሉ ጉልበት ይፈልጋሉ። ልኩ ላይ ነው የቆሙት። እኔ ነኝ አጥብቄ ያበላሸሁት። ጊታሩ እኮ በመጣበት ቅኝት ጤነኛ ነበር። ሕፃን በትንፋሹ ሊያጮኸው እስኪችል ነው የለሰለሰ።

ግን የብሪጁ ጥቃቅን ብሎኖች ዙሪያ ተሞነጫጭሯል። የብሎን መፍቻው ብሩጎላ ብዙ ጊዜ ሸርተት እያለ ብረቱን ጭሮታል። የጀርባው ካቻቢቴም እንዲሁ፣ ቀለሙን ልጦታል። ያንተ እጅ ደግሞ ሸርተት ሲል አላየሁም። ዕውቀቱ ያንተ ነው፣ እጁ የሌላ ሰው ነው አልሁ። አሁን ደረስሁበት! ተማሪ ይዘሃል። አንተ ቁጭ ብለህ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ እያልህ የምታዛት ጣቷ ገና ያልጠነከረ፣ ብሩጎላ ይዛ የማታውቅ ሴት። ለዚህ ነው ስልክ የማታነሳው፣ ለዚህ ነው የማትጽፍልኝ። ወንድሜ ለሴት ብሎ ክሩን አቀጠነ፣ ጊታሩን አለማመዳት፣ አዲስ ገዛላት፣ ያረጀውን ለኔ ላከ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። እኔ በወፍራም ክር ጣቴ እስኪቆስል ስትሸነቁጠኝ ኖረህ ለሌላ ሰው አለሰለስህ ብዬ ቀናሁ። ስድብም ጻፍሁልህ፤ ደግነቱ አልላክሁትም።

ከቦርሳው ኪስ የክር መምቻ ፒክ ስፈልግ ደግሞ አንዲት ጉድ አገኘሁ። ያችው ጥቁር ፒክህ ናት፣ ግን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ላስቲክ ተጠቅልላ ወፍራ አውራ ጣት አክላለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ይቺ ልጅ ፒክ እንኳ መያዝ የማትችል ምን ዓይነት ተማሪ ናት እያልሁ እነጫነጫለሁ።

እምዬ አጠገቤ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። ማጉረምረሜን ሰምታ ኖሮ እስቲ አሳየኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻት፣ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቅ አደረገቻት። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ጓዳ ገባች። ሣጥን ስትከፍት ይሰማኛል። ስትመለስ የአባባን የክራር መምቻ ይዛ መጣች። ያችን በጠፍር የተጠቀለለችውን። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እጇ ግን ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ ይጥል ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ ጊታሩን አልነካሁትም። ቁጭ ብዬ አባባን ማሰብ ጀመርሁ።

አባባ መጀመሪያ ክራሩን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ጀመረ። ለምን ሲሉት ክራር ዝቅ ሲል ያምራል ይል ነበር፣ እኛም አመንነው፤ እውነትም ያምር ነበር። ከዚያ ጅማቱን ትቶ ቀጭን የናይለን ክር አሰረ፤ ጅማት ጠፋ አለ። ከዚያ መምቻዋን እንዳትወድቅበት በጠፍር ጠቀለላት። ከዚያ ሰው ሲመጣ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ በትከሻ ሰላም ማለት ጀመረ፤ ሰዎቹም ኮራብን አሉ። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ዝም ብሎ ጠምጥሞ ጫፉን ወደ ውስጥ መወሸቅ ጀመረ፣ እምዬ አይታ መቋጠር እስክትጀምርለት ድረስ። ክራሩንም ከግድግዳው ላይኛ ችንካር ማውረድ ሲያቅተው እምዬ ከመደቡ በላይ ሌላ ችንካር ዝቅ አድርጋ መትታለት፣ ተቀምጦ እጁን ሳያነሣ ይወስደው ነበር። እሱ ሲያርፍ ነው ወደ ላይ መልሳ የሰቀለችው። ሌላውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አብረን ነው ያየነው።

እኔ ስለ አባባ ነው የማወራህ። ስላንተ ምንም አላልሁም።

መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ በጣም ተናደድሁብህ። ሴት አለች ብዬ ስቀናበት የዋልሁት ነገር ምነው እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። አሁን ሴት ብትኖር፣ ብትማር፣ ጊታሩን ሰብራ ብትልከው ደስታውን አልችለውም ነበር። የራሴንም እጅ ዘርግቼ አየሁት፤ ለጊዜው ያው እጅ ነው። የአባባ ጊዜ ሐኪም ሩቅ ነበር፣ እዚህም እዚያም ጠበል ለጠበል ስንል ጊዜው አለፈ። ዛሬ ጠበሉም አለ፣ ሐኪሙም አንተ ባለህበት ከተማ አለ። ይሄን እንዲሁ ነው የምልህ፤ ወሬ አመጣው።

ጊታሩን እንደገና በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ከአምስተኛው ፍሬት ወዲያ አቧራ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ሥር እንጨቱ በጣት ወዝ አብረቅርቋል። ጣቴን እዚያው ባብረቀረቀው ላይ እያሳረፍሁ ወዴት እንደሚወስደኝ ሞከርሁ። የአባባ የሙሽራ መግቢያ መሰለኝ፤ ያች መጨረሻዋ ላይ ወርዳ የምትቆመዋ። ከተሳሳትሁ አርመኝ። ሌላውን ሁሉ ትተህ እሷን ስትጫወት ከርመሃል ማለት ነው።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ። ብሪጁን ወደ ቦታው መለስሁ። ሁሉንም ክር አንድ ሙሉ ድምፅ አውርጄ አንተ እንደላክኸው ዲ ድምፅ ላይ አቆምሁት። አንገቱ ባደረ ጊዜ ራሱ ተስተካከለ፣ መንዘሩም ጠፋ። በተበጠሰችው ቦታ ለጊዜው ዘጠኝ ቁጥር አስሬያለሁ፤ ትንሽ ትጠነክራለች። አብዱልሀኪም ይሄን ደብዳቤ ሊያደርስልህ ሲመጣ ስምንት ቁጥር ክር ፈልጎ ይዞልኝ እንዲመለስ አደራ ብዬዋለሁ። እሱን ደግሞ በትከሻም ቢሆን ደህና አድርገህ ሰላም በለው፤ ቅያሜው ጠፍቷል። ምክንያቱን አልነገርሁትም፣ ብቻ ወንድሜ አልኮራም፣ እጁን በርዶት ነው አልሁት። አየት አድርጎኝ አላህ ያሙቅለት አለ።

ከዚያ ምሕረት ግቢ ለልምምድ ስንገናኝ ከእንግዲህ አንድ ድምፅ ወርደን ነው የምንጫወት አልኋቸው። አሸናፊ ይሟገተኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሴን ሁሉ በሆዴ ይዣለሁ። ጊታሩን ተቀብሎ ክሩን በጣቱ ነካ አደረገው፣ የተጠቀለለችውን ፒክ አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። ወንድምህ ይመጣል ወይ አለኝ። አላውቅም አልሁት። ኪቦርዱን ሁለት ቁልፍ ወደ ታች አውርዶ እንጀምር አለ። እኔ ይሄን ሰው በከንቱ ነው ስጠረጥረው የከረምሁ፤ ፈገግታውም እንደዚያው የፊቱ አሠራር ኖሯል። ምሕረት ዝቅ ብላ ስትዘፍን ጉሮሮዬ አረፈ አለች። የምሯን ይሁን ለማስደሰት አላውቅም፣ ግን ድምፅዋ እውነትም ጥልቅ ሆነ። እኔም የድሮውን ጊታሬን ዝቅ አድርጌ ቃኘሁት፤ ምቱን በሱ እይዛለሁ። ያንተ ጊታር ማንም ሳይነካው ዲ ላይ ተቃኝቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሙሽራዋ መግቢያ ሲደርስ በሁለት ክር የምትሄደዋ ዜማ ሰው የላትም። አሸናፊ በኪቦርድ ልሙላው ሲል ምሕረት ተወው፣ ባዶዋን ትሂድ አለችው።

ሰኔ ሳይገባ ማንኩሳ አንድ ሰርግ አለብን፤ ዘመድ ስለሆኑ ቅኝታችን ለምን ወረደ የሚለን የለም። ከባሕር ዳር ስትመጣ ምንም እንዳትሸከም፤ እዚህ ሁሉ አለ። ለሰው የምትመልሰውም መልስ አያስፈልግህም፤ ለጠየቀ ሁሉ ዝቅ ሲል ያምራል እላለሁ፣ እኔ ለመዋሸት ካንተ እሻላለሁ። አዲስ ገዛሁ ያልኸውን ጊታር ግን አላመንሁህም፤ ይሄን እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

እምዬ ምን ብዬ ልጻፍለት ብላት ቤቱ ቅርብ ነው በልልኝ አለችኝ። በቃ ይኸው ነው ወይ ብላት ይኸው ነው አለች።

የአባታችን አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። የደከመውን ያበርታልህ፣ የከበደህን ያቅልልህ፣ እግርህን ወደ ቤትህ ያቅናልህ። እምዬን በዓይንህ ለማየት ያብቃህ፣ እኔንም ባንተ ለመሳቅ ያብቃኝ።

ተጠራጣሪው ታናሽህ

ደብዳቤውን ላሽግ ስል ያየሁትን ልጨምርልህ። የአባባ ክራር ከላይ ከተሰቀለበት ጠፍቶብኝ ማን ወሰደው ብዬ እንደ ልማዴ ልጠረጥር ስል አየሁት። እምዬ ማንንም ሳታስቸግር አውርዳ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ከመደቡ በላይ ባለው ዝቅተኛ ችንካር ላይ ሰቅላዋለች። ተቀምጠህ እጅህን ሳታነሣ ትደርስበታለህ።